ፍሙ ጠርቶም ይገድላል፦ የበረዶ ማስጠንቀቂያ ሐበሻ ቤት ሲደርስ

መብራት የጠፋው ከራት በኋላ ነበር። ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሕንፃችን ውስጥ ሂተሩም አብሮ ጸጥ አለ። ውጪ በረዶው አላቆመም። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ትዝ አሉኝና ወረድኩ። በሩ ሲከፈት ሙቀት ፊቴን መታኝ። ሳሎኑ መሀል፣ ከሀገር ቤት ተይዛ የመጣች የከሰል ምድጃ ላይ ፍም ተቆልሏል። ጀበናዋ ጎኗ ላይ ናት። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ብርድ እንዳይገባ ከሥሩ ፎጣ ተጠቅጥቆበታል።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ሰው ይገድላል" አልኳቸው።

"ውይ ልጄ፣ በረንዳ ላይ አጥርቼው ነው ያስገባሁት። ጭስ የሚባል ነገር የለውም።"

እውነታቸውን ነው። ጭስ አልነበረውም። አደጋው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ይወጣለታል፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም መውጣቱን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። አንዴ ቦታውን ከያዘ ኦክስጅን መግቢያ ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውነት ይዝላል። ሰው ጉንፋን መስሎት ጋደም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚነቃ አለ፣ የማይነቃ አለ።

ሀገር ቤትም ከሰል ስንቱን ተኝቶ እንዲቀር አድርጓል። ግን የቆርቆሮው ጣሪያና የበሩ ክፍተት ብዙ ጊዜ ሳናውቀው አትርፎናል። እዚህ አሜሪካ ቤቱ የሚሠራው ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ነው። ሙቀት የማያስወጣ ቤት መርዙንም አያስወጣም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ የደኅንነት መልእክት ደርሶኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው። ጄኔሬተርና ግሪል ቤት ውስጥ እንዳትጠቀሙ ይላል። ልክ ነው፣ በሰዓቱም ደርሷል። እማማ ግን ጄኔሬተር የላቸውም። ግሪል ማለት ለእሳቸው በጁላይ ፓርክ ውስጥ ሥጋ የሚጠበስበት ብረት ነው። ስለ ምድጃና ስለ ጀበና የነገራቸው የለም። መልእክቱ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢተረጎምላቸውም እንኳ "እኔን አይመለከተኝም" ብለው ያልፉት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስለ ቋንቋ ስናወራ ትርጉም መኖር አለመኖሩን ብቻ እንጠይቃለን። ቃሉ ተተርጉሞ ትርጉሙ ቤታችን ሳይገባ ሲቀርስ?

ይህን ሩቅ ሄደን መፈለግ የለብንም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ ብርዱ ያልተለመደ ሆነ። ዳላስ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ገባች፤ ሂውስተን 13 ፋራናይት ደረሰች። የግዛቲቱ የኤሌክትሪክ መረብ ጨርሶ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቀርቶት እንደነበር ኃላፊዎቹ ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ቆዩ። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት የመዘገበው የሟች ቁጥር 246 ነው። ብዙዎቹን የገደላቸው ብርዱ ራሱ ነው። ከቀሩት መካከል ግን ለመሞቅ ሲሉ የሞቱ አሉ። ሂውስተን ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ትንሽ ልጇ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ከተነሳ የመኪና ሞተር በወጣው መርዝ ሕይወታቸው አለፈ። መብራት ጠፍቶ መኪናው ሙቀት ይሰጠናል፣ ስልክም ቻርጅ እናደርግበታለን ብሎ ማሰብ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ማንም እናት ልጇ ስትንቀጠቀጥ የምታስበው ነው። ሞተሩ ከሚሞቀው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ መገናኘቱን ቀድሞ የሚነግራት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

ሲያትል ይህን ትምህርት ቀደም ብላ ቀምሳዋለች። በዲሴምበር 2006 ኃይለኛ ነፋስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት ሲያሳጣ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም ነበሩ። የከተማዋ ትልቅ ጋዜጣ ሲያትል ታይምስ ያን ጊዜ ያደረገውን እስካሁን አደንቃለሁ። የፊት ገጹ ላይ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይነድ በ6 ቋንቋ አተመ፤ ሶማሊኛና ቬትናምኛም ነበሩበት።  ሰው እያነደደ ያለውን ነገር በስሙ ጠራው።

ወደ እኛ አካባቢ ልመለስ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አማርኛ ሕግ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ በዚህ ገብቷል። ሜሪላንድ በኩል የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም መልእክታቸውን ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ። ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም፤ ወገኖቻችን ጠይቀውና ተሰልፈው ያመጡት ነው።

ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልካችን ላይ ጮሆ የሚቀሰቅሰን መልእክት ሌላ ነው። እሱ የሚመራው በፌዴራል ደንብ ነው። መልእክቱ ቢበዛ 360 ፊደል ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኦክቶበር 2023 መልእክቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰነ። ዓረብኛ አለ፣ ጣልያንኛና ጀርመንኛም አሉ። አማርኛ የለም። ምርጫው በአገር አቀፍ የተናጋሪ ብዛት ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ቁጥራችን በመላ አሜሪካ ተበትኖ ሲታይ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላይ አንድ ሕንፃ ሙሉ እኛ ነን። ማዕበሉ የሚመጣው በሰፈር ነው፤ ቋንቋውም በሰፈር ቢመረጥ ይሻል ነበር።

እስከዚያው የሚተረጉመው ማነው? እኛው። በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በታክሲ ተራ፣ በእንጀራ መደብር። እኛ ስንተረጉም ደግሞ የራሳችን ወጥመዶች አሉብን።

አንደኛው ሰዓት ነው። የአጎቴ ልጅ ከመጣ ገና 4 ወሩ ነበር። ዲሲ ውስጥ ዋና መንገድ ላይ መኪና አቁሟል። ከተማዋ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ በተመረጡት ዋና መንገዶች ላይ መኪና ማቆም ክልክል ይሆናል፤ ማረሻ መኪናው ማለፍ አለበት። አንድ ደግ ሰው ማስታወቂያውን ተርጉሞ ላከለት። "ነገ ከ7 ሰዓት ጀምሮ መኪና ማቆም አይቻልም" ይላል። የአጎቴ ልጅ በሐበሻ አቆጣጠር አነበበው። ከምሳ በኋላ ማለት ነው። ረፋድ ላይ ተነስቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ አካፋ ይዞ ወጣ። መኪናው የለም። 7 ኤኤም ነበር፣ ማለትም ጠዋት 1 ሰዓት። ቅጣቱ 250 ዶላር፣ የማስጎተቻው ለብቻው። ለአዲስ መጤ ይህ የወር ግማሽ ኪራይ ነው።

ማንንም አልወቅስም፤ ተርጓሚውም ለደግነት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሰዓት ያለበት መልእክት በላክሁ ቁጥር ሁለቱንም እጽፋለሁ። "ጠዋት 1 ሰዓት፣ 7 ኤኤም" እላለሁ። የትምህርት ቤት መልእክትም እንደዚሁ ነው። "በ2 ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል" ሲባል፣ አያት የልጅ ልጃቸውን በሐበሻ 2 ሰዓት፣ በ8 ኤኤም መሆኑ ነው፣ በበረዶ ውስጥ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። "ከወትሮው 2 ሰዓት ያህል ይዘገያል" ብንል እኮ ያበቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ በረዶ የሚለው ቃል ራሱ ነው። ሀገር ቤት በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለእሱ አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውጪ ብዙም አንሰማውም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ውርጭን በደንብ ያውቃል። እዚህ ያለነው ደግሞ ስኖው እና አይስ ብለን እንገላገላለን። ማስጠንቀቂያ ላይ ግን ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። "ነገ በረዶ አለ" ብቻ ብሎ መላክ አይበቃም።

ስኖው ይታያል። መንገዱ ነጭ ስለሆነ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል። የሚያስፈራው የሚቀዘቅዝ ዝናብ ነው። ከላይ ሞቅ ያለ አየር አለ፣ መሬት አጠገብ ደግሞ ቀጭን የብርድ ሽፋን ይተኛል። ጠብታው ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ የነካው ነገር ላይ ወዲያው ይረጋል። አስፋልቱ የረጠበ ብቻ ይመስላል። ሩብ ኢንች ውፍረት ያለው ግግር የዛፍ ቅርንጫፍ ለመስበርና የመብራት ገመድ ለመበጠስ በቂ ነው። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል።

ፎርት ዎርዝ ላይ የሆነው ይህ ነው። ፌብሩዋሪ 11፣ 2021፣ ገና ሳይነጋ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ ፈጣን መንገድ ላይ ከ130 በላይ መኪኖች ተላተሙ። 6 ሰው ሞተ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የነበረው ብዙ ሰው ሥራ የሚገባ ወይም ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ነው። ሐበሻም የምንበዛው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ኡበር፣ ታክሲ፣ ትራክ፣ ፓርኪንግ፣ የሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ።

ለዚህ ነው "ከቤት አትውጡ" የሚለው መልእክት ለሁሉም እኩል የማይሠራው። ላፕቶፑን ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ምክር ነው። የቀኑን ገቢ በቀኑ ለሚያገኝ ሰው የገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለሾፌር ወንድሞቻችን "አትውጣ" ብቻ ሳይሆን "የትኛውን ሰዓት ዝለል" ብንል ይጠቅማል። የሚቀዘቅዝ ዝናብ በተነገረበት ሌሊትና ጎህ ሲቀድ ያሉትን ሰዓታት መዝለል፣ ጨው ተበትኖ መንገዱ ሲከፈት መውጣት። መውጣት ግድ ከሆነም ሙሉ ነዳጅ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር። በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንቱ ሰው ሌሊቱን ሙሉ መኪና ውስጥ አደረ። ሴናተር ቲም ኬን ሳይቀሩ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል። ዝናቡ ቀድሞ ስለጣለ መንገዱ ላይ አስቀድሞ ጨው መርጨት አልተቻለም ነበር፤ ቢረጭም ታጥቦ ይሄዳል።

እንዲህ ስትቆሙ ሞተር አስነስታችሁ ከመሞቃችሁ በፊት ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን እዩ። በጃንዋሪ 2016ቱ ታላቅ በረዶ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ አባት በረዶ ሲዝቅ ቤተሰቡ እንዳይበርዳቸው ሞተሩ የሚሠራ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ ነበር። እናትና የአንድ ዓመት ልጇ ሞቱ። ያው መርዝ ነው፣ የእማማ ምድጃ የሚያወጣው።

ሦስቱን የማስጠንቀቂያ ደረጃዎችም በደንብ እንለያቸው። ዋች ሲባል ማዕበል ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድና ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይወጣል። መድኃኒትና ባትሪ የሚገዛው ያኔ ነው። አድቫይዘሪ ያስቸግራል፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ዋርኒንግ ግን መጣ ማለት ነው። ሁሉንም "ማስጠንቀቂያ" ብለን ስንተረጉማቸው ሰው ወይ በሁሉም ይደነግጣል፣ ወይ በሁሉም ይሰለቻል። እኔ "ተዘጋጁ"፣ "ተጠንቀቁ"፣ "አትውጡ" ብዬ ነው የምልካቸው።

ኦቭን ከፍቶ ቤት ማሞቅም ከምድጃው አይሻልም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአልጋና ከመጋረጃ ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ፤ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይሰካ። በጃንዋሪ 2022 ብሮንክስ ውስጥ 17 ሰው የጨረሰው እሳት የተነሳው ከእንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ነው። ከሟቾቹ 8ቱ ልጆች ነበሩ። ራሱን መዝጋት የነበረበት በር ክፍት ስለቀረ ጭሱ ሕንፃውን ሞላው። ከቤት በእሳት ምክንያት ስትወጡ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ብርዱ ሲብስ የቧንቧ ውሃ በቀጭኑ ይንጠብጠብ፣ ከሲንኩ ሥር ያለው የቁምሳጥን በርም ይከፈት። ዲሲ ውስጥ ደጃችሁ ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት 8 የብርሃን ሰዓታት ውስጥ መዝቅ ግዴታ ነው። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑና አካል ጉዳተኞች ቅጣቱ አይመለከታቸውም፤ ከተማዋ የምታሰማራቸው በጎ ፈቃደኞችም አሉ። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለባቸው አባቶቻችን እባካችሁ አካፋውን ይተዉት። 911 ስትደውሉ እንግሊዝኛው ቢጠፋችሁ ስልኩን አትዝጉ። "አማሪክ" በሉና ጠብቁ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ። አድራሻችሁን ግን በእንግሊዝኛ መናገር ተለማመዱ።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። እኛ እድር የሚባል ነገር አለን። እዚህ አካባቢም እድሮች አሉ። ሰው ሲሞት ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን ድንኳን፣ ማን ምግብ እንደሚይዝ ሁሉም ያውቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ቤት ይሰማል። ከዚህ የሚፈጥን የመልእክት መንገድ የትኛውም ከተማ የለውም። ታዲያ ያ የስልክ ዝርዝር ለምን ከቀብር በፊት አይሠራም? ዋች በወጣ ዕለት ማታ እያንዳንዱ አባል ለ3 ሰው ቢደውል በቂ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩት እነማን ናቸው? ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን ያለው ማነው? በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ያለውስ? ሌሊት የሚነዳ ማን አለ? ቤቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የሌለውስ? ጠቋሚው ከሃያ እስከ ሠላሳ ዶላር ነው። ባትሪ ያለውን ነው መግዛት፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ምን ያደርጋል። ከመኝታ ክፍሉ ደጅ ይሰቀላል። እድሩ በጅምላ ገዝቶ ቢያድል ከአንድ ቀብር ወጪ አይበልጥም።

የዚያን ሌሊት መስኮቶቹን ከፈትኩ። ምድጃዋን በጨርቅ ይዘን በረንዳ አወጣናት። እማማን ጋቢያቸውን አልብሼ ወደ እኛ ቤት ይዣቸው ወጣሁ፤ አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን አደርን። ራሳቸውን ትንሽ አሟቸው ነበር። "ከጉንፋኑ ነው" አሉ። ከጉንፋን እንዳልሆነ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው፣ "የእኅቴ ልጅ ሀገር ቤት እንዲሁ ነው የሄደችው፣ የከሰል ጭስ ነው ብለውን ነበር፤ ግን ጭስ አልነበረም እኮ" አሉኝ።

በሳምንቱ ጠቋሚውን ሰቀልንላቸው። "ቡና ሳፈላ ይጮህብኛል?" ብለው ጠየቁኝ። "በከሰል ከሆነ አዎ" አልኳቸው። አሁን ጀበናዋ ስቶቭ ላይ ናት። ምድጃዋ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ እጣን ሲያምራቸው እዚያው ቆመው ያጨሳሉ። ከዚያ በኋላ በረዶ ሊጥል ነው በተባለ ቁጥር እኔ ከመደወሌ በፊት እሳቸው ይደውላሉ።

"ልጄ፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሻል? ሦስተኛ ፎቅ ላሉት ሽማግሌስ ነግረሻቸዋል?"